ደባርቅና የወልቀፊት በር

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአሥመራ መንገድ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የወገራን አገር ያቋርጣል። ወገራ ሰፊ ደጋ ናት፤ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና ተልባ ይበቅልባታል፤ በግና ከብት ይሰማራባታል። ብርዷ ብርቱ ስለ ሆነ እረኛው ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ለብሶ ይውላል። መንገደኛው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ዳባትን ያገኛል፤ ከዚያም ቢገሠግሥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላለት ደባርቅ ይገባል። እስከዚህ ድረስ መንገዱ ሜዳና ጉብታ ነው እንጂ የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ከደባርቅ ጥቂት አልፎ ግን ምድር ታልቃለች።

ታልቃለች ማለታችን በእውነት የምታልቅ ሆና አይደለም፤ ነገር ግን በአፋፉ የቆመ ሰው ሌላ ቃል አያገኝለትም። የቆመበት ደጋ በድንገት ይቆረጣል፤ ከበታቹም አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያ የሚበልጥ ጥልቀት ይታየዋል። አሞራ ሲበር ሁልጊዜ ቀና ብለን ሆዱን እናያለን፤ በዚህ ስፍራ ግን ጎንበስ ብለን ጀርባውን እናያለን። በሩቅም አንዱ እንደ ጥርስ፥ አንዱ እንደ ግንብ፥ አንዱ እንደ ጣት የቆሙ አምባዎች ተደርድረው ይታያሉ። ይህ አፋፍ ወልቀፊት ይባላል፤ ወደ ቆላ የሚወርደውም ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሊማሊሞ ይባላል። በሊማሊሞ ያልወረደ ሰው ደባርቅን አወቅኋት ሊል አይገባውም፤ ከተማይቱን ከተማ ያደረጋት ይህ ቁልቁለት ነውና።

በክረምት ማለዳ ጉም ቆላውን ሁሉ ሞልቶት ያድራል። ያን ጊዜ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ልጅ ነጭ ውኃ ከበታቹ የተኛ ይመስለዋል፤ የአምባዎቹም ራስ ደሴት መስሎ ይታየዋል። እኛም ደባርቅን በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ጋር የምናመሳስላት ስለ ጉሙ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ የአንዱ ጉዞ መጨረሻ፥ የሌላው ጉዞ መጀመሪያ ነው፤ በግመል የመጣው ጭነት ወደ መርከብ ይዛወርበታል፤ የሁለት አገር ሰው ይገናኝበታል፤ ስለዚህም ሁለት ቋንቋ ይሰማበታል። ጠላትም ስለሚመኘው ምሽግ አያጣውም። ደባርቅ ባሕር ሳይኖራት እንዲሁ ናት። ባሕሯ ገደሉ ነው።

አሁን ልጆች ሆይ፥ አንድ የሚያስገርም ነገር ስሙ። ይህ ተራራማ አገር ስሙ ሰሜን ይባላል። በአማርኛ ሰሜን የምንለው፥ ፀሐይ ስትወጣ ፊቱን ወደ እርሷ አዙሮ ለቆመ ሰው፥ በግራው በኩል ያለውን አቅጣጫ ነው። በጥንቱ ግዕዝ ግን ሰሜን ማለት በቀኝ በኩል ያለው፥ ዛሬ ደቡብ የምንለው ነበረ፤ ደቡብ ማለትም ዛሬ ሰሜን የምንለው ነበረ። ቃሉ እንደ ምን ተገለበጠ? የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ብለው ያስረዳሉ። ግዕዝ የሚናገረው የአክሱም ሰው ይህን ተራራ በጣቱ ሲያመለክት ወደ ቀኙ ማመልከት ነበረበት፤ ተራራው ከአገሩ በዚያ በኩል ነውና። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ከጎንደርና ከወገራ ሆኖ ያንኑ ተራራ ሲያመለክት ወደ ግራው ያመለክታል። ተራራው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተለያየው የሰዎቹ መቆሚያ ነው። ከሁለቱም የተሳሳተ የለም። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር ሲከራከሩ ብታዩ፥ ማን ዋሸ ከማለታችሁ በፊት እያንዳንዱ ከወዴት ቆሞ እንደሚናገር መጠየቅ መልካም ነው።

እንግዲህ ተራራው ሁለት ፊት ካለው ሁለት ቋንቋም ቢኖረው አያስደንቅም። ከሊማሊሞ በላይ ያለው ደገኛ አማርኛ ይናገራል። ወርዶ ተከዜን የተሻገረ ሰው ትግርኛ ይሰማል። በመካከል ባለው ቆላ፥ በዓዲ አርቃይና በጠለምት በኩል፥ ሁለቱንም የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ለዚህም የቦታ ስም ይመሰክራል። ዓዲ በትግርኛ አገር ወይም መንደር ማለት ነው፤ አርቃይ ደግሞ ቀርከሃ ማለት ነው። እንግዲህ ዓዲ አርቃይ የቀርከሃ መንደር እንደ ማለት ነው። በዚያች ከተማ ተወልዶ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አላውቅም የሚል ሰው ቢኖር፥ ከወዴት መጣህ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ መልሱን በትግርኛ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ማይ ጸብሪ አለች፤ ማይ ማለት ውኃ ነው።

አንዳንድ ልጅ ትግርኛ ሲሰማ ከቶ የማይገባው ይመስለዋል፤ ጥቂት ቢታገሥ ግን ብዙ ዘመድ ያገኛል። እኛ መንገድ የምንለውን እነርሱ መገዲ ይላሉ። እኛ በቅሎ የምንላት ለእነርሱ በቕሊ ናት። ሰማይ በሁለቱም ሰማይ ነው፤ ጨውም በሁለቱም ጨው ነው። ማለዳ ሰው ሲገናኝ እኛ እንዴት አደርህ እንላለን፤ እነርሱ ከመይ ሓዲርካ ይላሉ፤ ሁለቱም ስለ ሌሊቱ ማደር መጠየቃቸው ነው። የማይመሳሰሉም አሉ። አህያ በትግርኛ አድጊ ነው፤ ውሻ ከልቢ ነው፤ ውኃም እንዳልነው ማይ ነው። ነገር ግን ዳዊት የደገመ ተማሪ እነዚህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ አድግና ከልብ፥ ማይም በግዕዝ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸውና። እኛ የለወጥነውን ጎረቤታችን ጠብቆ አቆይቶታል። ከሁለቱም ቋንቋ በፊት ደግሞ በዚህ አገር የአገው ቋንቋ ይነገር ነበር፤ ዛሬ በዚህ ዙሪያ ጥቂት ሰው ብቻ ያውቀዋል። ቋንቋም እንደ ሰው መጦር ካጣ ይሞታል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የባሕር በሯ ምጽዋ ነበረች። ከጎንደር የሚወጣው ወርቅና ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ሰም፥ ከምጽዋም የሚገባው ጨርቅና ዶቃ፥ ቅመምና ጠመንጃ፥ ብዙው የሚያልፈው በወገራና በሊማሊሞ ነበረ። ከአፋር ምድረ በዳ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨውም ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ በዚያ ዘመን አሞሌ ለወጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብ ለመገበያያ የሚሆን ነበረና። ጀምስ ብሩስ የሚባል የእስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በመጣ ጊዜ በ1762 ዓ.ም. በመስከረም ወር ምጽዋ ከመርከብ ወረደ፤ ጎንደር የገባው ግን በየካቲት ነበረ። በመንገድ በየስፍራው መቆየቱ እውነት ነው። ቢሆንም ዛሬ በመኪና ሁለት ወይም ሦስት ቀን የማይሞላው ጉዞ በዚያ ዘመን ምን ያህል ሰው እንደሚያደክም ከዚህ ማወቅ ይቻላል። እርሱም ሊማሊሞን በእግርና በበቅሎ እየታገለ ወጣ።

የድሮው ሊማሊሞ የመኪና መንገድ አልነበረም። አንድ አጋሰስ ብቻ የሚያሳልፍ፥ በአንድ ወገን ግድግዳ የመሰለ ዓለት፥ በሌላው ወገን ባዶ አየር ያለበት የፍየል መንገድ ነበረ። የጭነት መጫኛ ከላላ፥ ጭነቱ ወደ ገደሉ ወገን ያዘነብልና እንስሳዋን ይዟት ይሄዳል። ስለዚህ ነጋዴዎች ብቻቸውን አይሄዱም፤ በቅፍለት ተሰብስበው፥ ነጋድራሳቸውን ይዘው ይጓዙ ነበር እንጂ። አሁን እናስብ። አንድ ቅፍለት ሰም ጭኖ ከደባርቅ ይወርዳል። ሌላው አሞሌ ጭኖ ከተከዜ በኩል ይወጣል። መንገዱ ሁለቱን አያሳልፍም። በአንዳንድ ስፍራ ብቻ ጥቂት የሰፋ መቆሚያ አለ፤ አንደኛው ቅፍለት በዚያ ሊጠብቅ ይገባዋል። ካልጠበቀስ? በጠባቡ ስፍራ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ በቅሎም በዚያ ወደ ኋላ አይሄድም።

ስለዚህ ከሁሉ ፊት የሚሄደው ሰው ድምፁ የሚሰማ፥ ቋንቋም የሚያውቅ መሆን ነበረበት። በሚወርደው ቅፍለት ፊት ያለው፥ ከታች የጭነት ድምፅ በሰማ ጊዜ፥ ቁሙ ብሎ በአማርኛ ብቻ ቢጮህ የሚወጣው ትግርኛ ተናጋሪ ምን ያህል ይረዳዋል? ትግርኛ የሚያውቅ ግን ጠጠው በሉ ይለዋል፤ ያም ይቆማል። አንድ ቃል ባለማወቅ ስንት በቅሎ፥ ምናልባትም ስንት ሰው በዚያ ገደል ገብቶ ይሆን? በደጋና በቆላ ስትመላለስ የኖረች ነጋዴ ልጇን ሁለት ቋንቋ የምታስተምረው እንዲደነቅላት አልነበረም፤ በሕይወት እንዲመለስላት ነበረ እንጂ። ደግሞ አንድ ቃል አለ፤ ከሁለቱም ወገን ማንም ሊማረው የማያስፈልገው። አማርኛ ተናጋሪው በቁልቁለት ላይ ለሚቸኩል ሰው ቀስ በል ይለዋል። ትግርኛ ተናጋሪውም እንዲሁ ቀስ በል ይለዋል።

እንዲህ ያለ በር የሚፈልገው ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ጦረኛም ይፈልገዋል። የሰሜን አምባዎች ከጥንት ጀምሮ የሸሸ ሰው የሚጠጋባቸው፥ ያመፀም የሚመሽግባቸው ናቸው። ዙሪያው ገደል፥ ራሱ ሜዳ የሆነ አምባ ላይ ውኃና እህል ያለው ሰው ጥቂት ድንጋይ በማንከባለል ብዙ ሠራዊት ሊከለክል ይችላል። ቤተ እስራኤልም በነዚህ አምባዎች ላይ ሆነው ከነገሥታቱ ጋር ብዙ ዘመን ተዋግተዋል፤ ኃይላቸው የተሰበረውም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደግሞ ሰሜንንና ትግራይን አንድ ላይ አድርገው ከ20 ዓመት በላይ ገዙ። እርሳቸው የሁለቱም ቋንቋ አገር ጌታ ነበሩ። በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፥ በዚያ ለመንገሥ ተስፋ ያደርጉ ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን የቋራው ካሣ መጥተው በደረስጌ ድል አደረጓቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላም ካሣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ያሠሩት ቤት ለሌላ ሰው ዘውድ ሆነ። አምባዎቹም ሁሉ በዚያ ቀን ምንም አልረዷቸውም።

ከዚህ በኋላ የምንነግራችሁ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን የወልቀፊትን ምሽግ ነው።

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ከአሥመራ እስከ ጎንደር የመኪና መንገድ ማሠራት ጀመረች። በሊማሊሞ ያለውን ክፍል ለመሥራት ዓለቱ በድማሚት ተፈረካከሰ፤ የፍየሉ መንገድ በነበረበት ተራራ ላይ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ሰፊ መንገድ ተቈረጠ። የኢጣልያ ሠራተኞችም የአገር ተወላጆችም በዚህ ሥራ ደከሙ። መንገዱ የተሠራው ለመድፍና ለወታደር ነው፤ ይህን መርሳት አይገባም። በእርሱ ላይ እህል የጫነ ሁሉ ግን ሲጠቀምበት ኖሯል፤ ይህንንም መካድ አይገባም። የሠራውን ሰው ክፋትና የሥራውን ጥቅም አንድ ላይ ማሰብ ለልጅ ቀርቶ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

መንገዱ ካለቀ በኋላ ኢጣልያኖች በወልቀፊት አፋፍ ላይ መሸጉ። ከቆላው ወደ ጎንደር የሚወጣ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋልና፥ በሩን የያዘ ጎንደርን ይይዛል ብለው አሰቡ። አሳባቸውም ትክክል ነበረ። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አሥመራን በያዘ ጊዜ፥ በሚያዝያ 27 ቀንም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ በተመለሱ ጊዜ፥ ወልቀፊት ገና በኢጣልያ እጅ ነበረች። ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ የሚባል አዛዥ ከብዙ ሺህ ወታደር ጋር በዚያ ተቀመጠ። ከወታደሮቹም መካከል እኩሌታው ያህል ኢጣልያኖች፥ የቀሩት ደግሞ ከዚሁ ከአፍሪቃ ምድር የተመለመሉ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦርና የኢትዮጵያ አርበኞች ከበቧቸው። ደባርቅም፥ ነጋዴ ሲያድርባት የኖረችው መንደር፥ የጦር ሜዳ ሆነች።

ምሽጉን በጉልበት መስበር ቀላል አልነበረም። ከቆላው ወገን የሚመጣ ሠራዊት ገደሉን ሲወጣ፥ ከላይ ያለው ጥቂት መትረየስ ይበቃዋል። በደጋው ወገንም ጉድጓድና ሽቦ፥ መድፍም ነበረ። እንግዲህ ወልቀፊት በምን ወደቀች? ልጆች ሆይ፥ ይህን ልብ አድርጋችሁ አንብቡ። ያ ገደል ጠላት እንዳይወጣ የከለከለ፥ ስንቅም እንዳይወጣ ከለከለ። በአሥመራ በኩል ያለው መንገድ በእንግሊዝ እጅ ነው፤ በጎንደር በኩል ያለውን መንገድ አርበኞች ይዘውታል። ዝናሙ መጣ፤ ሦስት ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የክረምት ብርድ ምን እንደሚመስል የደባርቅ ልጅ ያውቀዋል። ጥይት ነበራቸው፤ ዳቦ ግን አልነበራቸውም። በዙሪያቸው ገብስ የሚዘራ አገር ሞልቶ ነበር፤ ባላገሩ ግን ለእነርሱ አልሆነም። አምስት ዓመት ሙሉ በመትረየስ የገዙት ሰው በችግራቸው ቀን እህል ይዞ ሊመጣላቸው ይችል ነበርን?

ለአምስት ወር ያህል ከታገሡ በኋላ፥ በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን፥ የደጋው ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት ወራት፥ ጎኔላ ምሽጉን አስረከበ። ሦስት ሺህ ያህል ሰው እጁን ሰጠ። ጀግንነት አልነበራቸውም ማለት ሐሰት ነው፤ ጠላትም ቢሆን የታገሠውን መከራ ማሳነስ ለእውነት አይስማማም። በሩ እንደ ተከፈተም የጎንደር ነገር ብዙ አልቆየም፤ ኅዳር 18 ቀን በዚያው ዓመት ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ሰጠ፤ የኢጣልያም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪቃ በዚህ ተፈጸመ።

የዚሁ መንገድ ሌላው ጫፍ፥ ምጽዋ፥ በዚሁ ዘመን እንደ ምን ሆነች? ምጽዋ በቀይ ባሕር ውስጥ በደሴት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ የድሮ ቤቶቿ ከባሕር ውስጥ በሚወጣ የዛጎል ድንጋይ የታነጹ ናቸው። በውስጧም ትግረና ዐረብኛ፥ ትግርኛም ይነገራል። ቱርኮች በ16ኛው መቶ ዓመት ያዟት፤ በኋላ የግብፅ ሰዎች ገዟት፤ በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ገቡባት። እያንዳንዱ ጌታ መጥቶ ግንብ ሠርቶ ሄደ። መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዞችና በተባባሪዎቻቸው እጅ ወደቀች። እንግዲህ በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ያሉት ሁለቱ በሮች ተከታትለው ሊወድቁ ስድስት ወር አልሞላቸውም። ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የጎንደር ነጋዴ ወደ እርሷ የሚወርድበት የጥንቱ መንገድ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ ኖሯል።

ደባርቅ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የመንገደኛ ማደሪያ ሆነች። ሰዎችም ከሩቅ አገር ተራራዋን ለማየት ይመጡባት ጀመር፤ ዋልያ የሚባለው የበረሃ ፍየልና ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ ጋር ተስማምተው የሚኖሩት በዚህ አገር ነውና። የሰሜን ተራራዎች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ኢጣልያኖች ለመድፍ የመረጡት አፋፍ ዛሬ ሰው ፀሐይ ስትገባ ሊያይ የሚቀመጥበት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከፊታችን የሚከብድ ነገር አለ፤ እርሱን ሳንናገር ብናልፍ ልጆችን ማታለል ይሆንብናል።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በሰኔ ወር የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። በነሐሴ ወር የትግራይ ጦር እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ አቅራቢያ ደረሰ፤ በዳባት አጠገብ ባለችው በጭናም መሣሪያ ያልያዙ ብዙ ሰዎች ተገደሉ። በተከዜ ማዶ ደግሞ በዚያ ጦርነት ቁጥሩ እጅግ የበዛ ትግርኛ ተናጋሪ ሕዝብ፥ እናትና ሕፃን ሳይለይ፥ በጥይትና በረኀብ አለቀ። ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ ከዚያ ወራት የቀረ ኀዘን በቤታችሁ ይኖራል። ኀዘን ለደረሰበት ሰው ፈጥኖ እርሳው ማለት ጭካኔ ነው፤ እኛም አንለውም።

ነገር ግን ስለ ቋንቋው አንድ ነገር እንናገር። ክፉ የሠራ ሰው ክፋቱን ሲሠራ የሚናገረው ቋንቋ አለው፤ ቋንቋው ግን አልገደለም። ሰው በጆሮው የሰማው ድምፅ ያን ቀን ስለሚያሳስበው፥ ትግርኛ ሲሰማ ልቡ የሚደነግጥ ልጅ በደባርቅ አለ፤ አማርኛ ሲሰማ ልቡ የሚደነግጥ ልጅም በማዶ አለ። ይህ ድንጋጤ ኀጢአት አይደለም። ሊፈርድ ሲነሣ ግን አደገኛ ነው፤ በጠባቡ መንገድ ላይ ቁም የሚለውን ቃል መስማት እንደማይፈልግ በቅሎ ነጂ ያደርጋልና። ወታደሮቹ ከመምጣታቸው ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ገደል ሲወጡና ሲወርዱ ነበሩ። በዓዲ አርቃይ ገበያ ሁለቱንም የሚያውቅ ሽማግሌ በዚያ ክፉ ዘመን ከሁለቱም ወገን ተጠርጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በሰላም ዘመን ግን ለሁለቱም ወገን የሚያስፈልግ እርሱ ነው። እንዲህ ያሉት ሰዎች ሲያልቁ በሩ ግድግዳ ይሆናል፤ ግድግዳ ሆኖ ምን እንደ ደረሰበት ደግሞ ወልቀፊት አይታለች።

በዚያው ጦርነት ሰሞን በዳባት አጠገብ አለምዋጭ በሚባል ስፍራ የስደተኞች መጠለያ ተሠራ። በዚያ የገቡት ከኤርትራ የተሰደዱ፥ ቀድሞ በትግራይ መጠለያዎች የነበሩ፥ በጦርነቱም ምክንያት ሁለተኛ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ቋንቋቸው ትግርኛ ነው። ባላገሩ እነርሱን በተቀበለ ጊዜ የራሱ ቍስል ገና አልደረቀም ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ያለ ጭንቀትና ያለ ጠብ አለፈ ብንል እውነት አይሆንም። ወደ ዳባት ገበያ ግን ሰው ሁሉ መምጣት አለበት፤ ስደተኛም ይራባል፤ ገብስ ያለውም ሰው ገብሱን መሸጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ሻጯ የቍጥርን ስም፥ ገዢውም የእህልን ስም ይማራሉ። አንድ በአማርኛ አንድ፥ በትግርኛ ሓደ ነው፤ ሁለት ክልተ ነው፤ ሦስት ሠለስተ፥ አራት አርባዕተ፥ አምስት ሓሙሽተ። አምስት ድረስ የተማረች ሴት ገብስ በጣሳ ለመስፈር በቂ እውቀት አላት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ልጇ ከጓደኞቹ ሰምቶ ይነግራታል።

ጭነት የያዘ መኪና ዛሬም ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ቆላው ሲወርድ፥ ከወልቀፊት አፋፍ ላይ ሹፌሩ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ ረዳቱም በመስኮት ራሱን አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ይመለከታል። ከድሮው ምሽግ የቀረው ድንጋይ በአጠገባቸው ያልፋል። ረዳቱ ግን ዓይኑ ከጎማው ላይ ስለ ሆነ አያየውም፤ ከጠመዝማዛውም ማዶ ወደ ላይ የሚወጣ ሌላ መኪና ጡሩንባ በሰማ ጊዜ ቀስ በል ብሎ ይጮኻል።